ጌሙን የሠራውና ጌሙን የያዘው፦ አዳዲስ ጌሞችና የፈጠራ ነጻነት ሒሳብ

ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ሆሎው ናይት፦ ሲልክሶንግ» የተባለው የቪዲዮ ጌም ለሽያጭ ሲቀርብ የኮምፒውተር ጌም መደብሩን ስቲምን ጨምሮ የኔንቲዶ፣ የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ መደብሮች የገዢውን ብዛት መቋቋም አቅቷቸው ተንገራገጩ። ዋጋው 20 ዶላር ነበር። ጌሙ ይፋ ከተደረገ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ የሚወጣበት ቀን የተነገረው ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ሲቀረው ነው። አውስትራሊያ አደሌድ ከተማ የሚገኘው ሠሪው ቲም ቼሪ ዋና አባላቱ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሥራውም ሲጀመር ለብቻው የሚሸጥ ጌም አልነበረም፤ በ2014 ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማዋጫ ድረ ገጽ ከ57,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ለተዋጣለት የመጀመሪያው «ሆሎው ናይት» ቃል የተገባ ተጨማሪ ክፍል ነበር።

ይህን ያህል መዘግየት በሌላ ስቱዲዮ ቢደርስ ኃላፊ ይነሣል፣ ጌሙ በግማሽ ይቆረጣል ወይም ይሰረዛል። እዚህ አንዱም አልሆነም። ብዙዎች ትዕግሥቱን ለሙያ ፍቅር ሰጥተውታል። ፍቅሩ አይካድም፤ ያን ሁሉ ዓመት የገዛው ግን የመጀመሪያው ጌም ወደ 15 ሚሊዮን ቅጂ መሸጡና መብቱም ከሠሪዎቹ እጅ አለመውጣቱ ነው። «የት ደረሰ?» ብሎ ደጃቸውን የሚያንኳኳ አበዳሪ አልነበረም።

ከዚሁ ጎን ሌላ ጌም እናስቀምጥ። የጃፓኑ ታንጎ ጌምወርክስ በጃንዋሪ 2023 ያወጣው «ሃይ-ፋይ ራሽ» በተቺም በተጫዋችም የተወደደ፣ ባለቤቱ ማይክሮሶፍትም በይፋ ያሞካሸው ሥራ ነበር። በሜይ 2024 ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የደቡብ ኮሪያው ክራፍቶን በዚያው ዓመት ኦገስት ቡድኑንም የጌሙንም መብት ባይረከብ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ጌሙ መጥፎ ስለሆነ የተወሰደ እርምጃ አልነበረም፤ ውሳኔው የሠሪዎቹ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር «ትንሽ ስቱዲዮ ነው ወይስ ትልቅ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያስኬድም። የሚያስኬደው ሌላ ነው፦ መብቱ በማን ስም ተመዝግቧል? ወጪው እስኪመለስ ገቢው ወደ ማን ኪስ ይገባል? በመሸጫው በር ላይ የቆመውስ ማነው?

ስሙ በማን እጅ ነው?

የአንድ ጌም መብት የተቆራረሰ ነው። የስሙ፣ የዓለሙና የገጸ ባሕርያቱ ባለቤትነት አለ፤ የማሳተም፣ ማለትም ጌሙን ለገበያ የማቅረብ፣ መብት አለ፤ ተከታይ ክፍል የመሥራት መብት አለ፤ ኮዱና መሥሪያ መሣሪያዎቹም ለብቻቸው ይቆጠራሉ። አንዱን ይዞ ሌላውን ማጣት የዘወትር ነገር ነው።

የፊንላንዱ ሬሜዲ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2010 ያወጣው «አለን ዌክ» የማሳተም መብቱ ከማይክሮሶፍት ወደ ስቱዲዮው የተመለሰው በ2019 ነው፤ ሁለተኛው ክፍል የወጣው ደግሞ በኦክቶበር 2023። በ2019 የወጣው «ኮንትሮል»ም በሬሜዲ የተፈጠረ ቢሆንም የሚያሳትመው 505 ጌምስ ነበር። ሬሜዲ ያንን የማሳተም መብት ጠቅልሎ ለማስመለስ በፌብሩዋሪ 2024 ያወጣው 17 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ስሎ፣ ራሱ ኮድ አድርጎ የሠራውን ጌም ራሱ ለመሸጥ ማለት ነው። ውል ሲፈረም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሰጥ ነገር ሲመለስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ነጻ መውጣት ግን ከኪሳራ አያድንም። ያው ሬሜዲ በጁን 2025 በራሱ አሳታሚነት ያወጣው «ኤፍቢሲ፦ ፋየርብሬክ» ከተጠበቀው በታች ሸጠ፤ በኦክቶበር ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከቦታቸው ተነሡ። አሳታሚ ቢኖር ኪሳራው በከፊል የእሱ ይሆን ነበር። ትርፉን ሙሉ የሚወስድ ጉዳቱንም ሙሉ ይወስዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የአሜሪካው ስቱዲዮ የበንጂ ታሪክ ይመስለኛል። በ2007 ከማይክሮሶፍት ሲለይ ዝነኛ ጌሙን «ሄሎ»ን ትቶ ወጣ። ከዚያ ተምሮ ነው መሰል፣ በጃንዋሪ 2019 ከአሳታሚው ከአክቲቪዥን ሲለያይ የ«ደስቲኒ»ን መብት ይዞ ነበር የወጣው። ሁለት ጊዜ ነጻ የወጣ ስቱዲዮ ማለት ነው። በ2022 ደግሞ ራሱን ለሶኒ በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። ያኔ ነጻነቱ እንደሚጠበቅ በይፋ ተነግሮ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 የመጀመሪያው ሠራተኛ ቅነሳ መጣ፣ በጁላይ 2024 ተጨማሪ 220 ሰው ወጣ። «በነጻነት ይሠራል» የሚል የጋዜጣዊ መግለጫ ቃል ገቢ ሲወርድ ምንም የሚያስገድድ ኃይል የለውም። የሚያስገድደው ውሉ ላይ የሰፈረው ብቻ ነው፣ እሱም ግዴታው የሚቀርበትን ሁኔታ አብሮ ይዞ ነው የሚጻፈው።

የዴንማርኩ አይኦ ኢንተራክቲቭ በተቃራኒው ሄደ። በ2017 ስኩዌር ኤኒክስ ሊለቀው ሲወስን አስተዳዳሪዎቹ ስቱዲዮውን ገዝተው «ሂትማን»ን ይዘው ቀሩ። ቀጣዩን ክፍል በዋርነር ብራዘርስ አሳታሚነት አወጡ፤ በጃንዋሪ 2021 የመጣውን «ሂትማን 3» ግን ራሳቸው አሳተሙ፣ ወጪውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመለሰ። ልዩነቱን ያመጣው ያ ስም ነው። ያለ «ሂትማን» ቢወጡ ኖሮ የቀራቸው ቢሮ፣ ሠራተኛና የደመወዝ ዕዳ ብቻ ይሆን ነበር።

«ዲስኮ ኢሊዚየም» የነገሩን ሌላ ገጽ ያሳያል። በ2019 የወጣው ይህ ጌም ዋና ፈጣሪዎች ከሠራው ስቱዲዮ ከዛ/ኡም ውጭ መሆናቸው በ2022 ተሰማ፤ ጌሙም ዓለሙም ከኩባንያው ጋር ቀረ። ይህ ስቱዲዮ የግዙፍ አሳታሚ ንዑስ ድርጅት አልነበረም፤ ለውጭ ተመልካች «ነጻ» ይባል ከነበረው ወገን ነው። መብቱ በፈጣሪው ስም ሳይሆን በኩባንያው ስም ከሆነ፣ የኩባንያውን አክሲዮን የያዘ ሰው መብቱንም ይዟል። ሁለትና ሦስት ጓደኛሞች ስቱዲዮ ሲመሠርቱ የአክሲዮን ድርሻና የድምፅ መብት፣ አንዱ ሲወጣ ድርሻው ምን እንደሚሆን፣ ለውጭ ባለሀብት ምን ያህል ሊሸጥ እንደሚችል በጽሑፍ ሳያሰፍሩ መጀመራቸው ከአሳታሚ ውል የባሰ ወጥመድ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው ጌሙ ሲከሥር ብቻ አይደለም፤ ሲሳካም ይመጣል።

የቤልጂየሙ ላሪያን ደግሞ በሰው ስም ላይ ሠርቶ ነጻ መሆን እንደሚቻል፣ ግን እስከ የት እንደሆነ አሳይቷል። «ባልደርስ ጌት 3»ን በኦገስት 2023 ሲያወጣ አሳታሚው ራሱ ነበር፤ ስሙ ግን የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች የሃዝብሮ ነው። ጌሙ የዓመቱን ሽልማቶች ጠራርጎ ከወሰደ በኋላ፣ በማርች 2024 ስቱዲዮው ተከታይ ክፍል እንደማይሠራ አስታውቆ ወደ ገዛ ዓለሙ ወደ «ዲቪኒቲ» ተመለሰ። ይህን «አይሆንም» ማለት የቻለው የራሱ ስም ስላለው ነው። በቻይናው ኩባንያ በቴንሰንት የተያዘው 30 በመቶ ድርሻም ይህን ውሳኔ የሚያስቀር አልነበረም፤ አብላጫው ከመሥራቹ እጅ አልወጣምና።

አንድ ሰው ብቻውን ሲይዘው ነገሩ ይቀላል። «ባላትሮ»ን የሠራውና ሎካልተንክ በሚል ቅጽል ስም ብቻ የሚታወቀው ካናዳዊ፣ የጌሙ መብት ለቁማር ድርጅት ፈጽሞ እንዳይሸጥም እንዳይከራይም በኑዛዜው ላይ አስፍሯል። አሳታሚ አለው፤ ፕሌይስታክ ይባላል። ሆኖም በኑዛዜ መናዘዝ የሚቻለው ባለቤት የሆኑበትን ነገር ነው።

ወጪ እስኪመለስ

አብዛኛው ስቱዲዮ ነጻነቱን የሚሰጠው መብት በመሸጥ አይደለም፣ ቅድሚያ ክፍያ በመውሰድ ነው። ስሌቱን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው።

አምስት ሰው፣ በነፍስ ወከፍ ከነግብርና መሣሪያው በወር 4,000 ዶላር የሚያስወጣ ቡድን በወር 20,000 ዶላር ይበላል። አሳታሚ 500,000 ዶላር ቢሰጠው 25 ወር ይበቃዋል። ሥራው ለ25 ወር ከታቀደ ግን እቅዱ ከወዲሁ ተበላሽቷል፤ ለስህተት ማረሚያ፣ ለኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ላለ የጌም ማጫወቻ) ፈቃድና ለትርጉም የሚሆን ትርፍ ጊዜ የለውምና። ጤነኛው መንገድ ሥራውን ለ20 ወር ማቀድና 100,000 ዶላሩን አለመንካት ነው። ገንዘቡም በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ በሥራ ደረጃ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ደረጃ በአሳታሚው ሲጸድቅ ይለቀቃል። ውሉ «አሳታሚው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ከሌለው፣ የአንድ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት የቡድኑን ደመወዝ በወር ሊያዘገይ ይችላል። ብዙ የፈጠራ ጣልቃ ገብነት የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው፦ «ይህን አትሥሩ» የሚል ደብዳቤ አይመጣም፣ ክፍያው ብቻ ይቆያል።

ወደ ሽያጩ እንሂድ። ዋጋው 20 ዶላር የሆነ ጌም ከቅናሽ፣ ከታክስ፣ ከተመላሽ ገንዘብና በየአገሩ ዝቅ ከሚደረገው ዋጋ በኋላ በአማካይ 12 ዶላር ያስገባ እንበል። መደብሩ 30 በመቶውን ሲወስድ 8.40 ዶላር ይቀራል። አሁን ሁለት ውል እናነጻጽር። በመጀመሪያው፣ አሳታሚው 500,000 ዶላሩ እስኪመለስለት ሁሉንም ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ እኩል ይካፈላሉ። እዚያ የሚደረሰው ወደ 60,000 ቅጂ ሲሸጥ ነው። በሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ እኩል ይካፈላሉ፤ ነገር ግን ቅድሚያ ክፍያው የሚመለሰው ከስቱዲዮው ግማሽ ብቻ ነው። ይህኛው ሲነበብ የተሻለ ይመስላል፤ «ከመጀመሪያው ቀን 50 በመቶ» የሚል ነዋ። ሲሰላ ግን ስቱዲዮው ከአንድ ቅጂ 4.20 ዶላር እየቆጠረ ዕዳውን የሚጨርሰው ወደ 119,000 ቅጂ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት አሳታሚው አንድ ሚሊዮን ዶላር ይዟል፣ ስቱዲዮው ባዶ እጁን ነው። በመጀመሪያው ውል ቢሆን በዚያው ቁጥር 250,000 ዶላር በእጁ ይኖር ነበር።

ላዩ ላይ የሚጨመረው ደግሞ የከፋ ነው። የማስታወቂያ፣ የጥራት ፍተሻ፣ የትርጉምና ወደ ኮንሶል የማዛወር ወጪ «ተመላሽ» ተብሎ ጣሪያ ሳይበጅለት ከተጻፈ፣ 150,000 ዶላር ጭማሪ በሁለተኛው ውል ሌላ 36,000 ቅጂ ይጠይቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ጠበቃ መጀመሪያ የሚፈልገው የመካፈያውን መቶኛ አይደለም። ተመላሽ የሚባለው ወጪ ጣሪያ አለው ወይ? የአሳታሚውን የሒሳብ መዝገብ የማስመርመር መብት አለ ወይ? አሳታሚው ቢከሥር ወይም ቢሸጥ መብቱ በራሱ ይመለሳል ወይ? ተከታይ ክፍል ላይ አሳታሚው ያለው ቅድሚያ ስንት ቀን ይቆያል? የመጨረሻው በተለይ ቸል ይባላል። ጊዜው ያልተገደበ ቅድሚያ የሚቀጥለውን ጌም አስቀድሞ እንደ መሸጥ ነው።

በዚህ መነጽር ስናየው የ2025 ትልቁ ድል የ«ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33» ነው። ፈረንሳይ ሞንፔልዬ ያለው ሳንድፎል ኢንተራክቲቭ ወደ 30 በሚጠጋ ዋና ቡድን ሠርቶ፣ በኬፕለር ኢንተራክቲቭ አሳታሚነት ኤፕሪል 24 ቀን በ50 ዶላር አወጣው፤ በዲሴምበርም በዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ። ከዚያ በኋላ «30 ሰው ይህን ከሠራ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ምን ይሠራሉ?» የሚል ወሬ በዛ። ወሬው ግማሽ እውነት ነው። የፍልሚያ አኒሜሽኑን የደቡብ ኮሪያ አኒሜተሮች፣ የጥራት ፍተሻውንና ትርጉሙን የውጭ ድርጅቶች ሠርተዋል፤ ብርሃኑንና የፊት ገጽታውን ከባዱን ክፍል አንሪል ኤንጂን 5 የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር (ኤንጂን) ተሸክሞታል። ቡድኑን ትንሽ ያደረገው ውሳኔ የሚሰጠውን ሰው ቁጥር መቀነሱ እንጂ የሥራው መጠን ማነሱ አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ተራ በተራ የሚካሄድ ፍልሚያ ያለው ውድ ጌም አይሸጥም ይባል በነበረበት ጊዜ ያንኑ ይዘው እስከ መጨረሻው መሄዳቸው ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ በትልቅ ኩባንያ የስብሰባ ክፍል የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አያልፍም።

ከዚህ በተቃራኒ በሴፕቴምበር 2025 ትልቁን አሳታሚ ኤሌክትሮኒክ አርትስን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተደረሰው ስምምነት 20 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ በብድር የሚሸፈን ነው። ወለዱ የሚከፈለው በየዓመቱ በእርግጠኝነት ከሚሸጡት የእግር ኳስና የተኩስ ጌሞች ነው። እንግዳ ሐሳብ ላይ ለመወራረድ የሚተርፈው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

መሥሪያው መሣሪያ

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዩኒቲ የተባለው ኤንጂን ባለቤት ኩባንያ ጌሙ በተጫነ ቁጥር እስከ 20 ሳንቲም ዶላር እንደሚያስከፍል አስታወቀ። በአነስተኛው የፈቃድ ደረጃ ክፍያው የሚጀምረው ጌሙ 200,000 ዶላር ዓመታዊ ገቢና 200,000 ጭነት ሲያልፍ ነበር፤ ደንቡ ግን ቀድሞ የወጡትንም ጌሞች ይነካል። በቅናሽ በአንድ ዶላር ለሚሸጥ ወይም በነጻ ለሚታደል ጌም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም በአንድ ሌሊት አሰላ። የዩኒቲ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በቀጣዩ ወር ለቀቁ፤ ክፍያው ራሱ ከዓመት በኋላ ተሰረዘ። ያ ዓመት ግን ጉዳቱን አድርሶ ነበር። የ«ስሌይ ዘ ስፓየር» ሠሪ ሜጋ ክሪት ሁለተኛውን ክፍል ጎዶት ወደተባለው ኮዱ ክፍት የሆነ ኤንጂን አዛወረው።

ጎዶት ማንም በነጻ እንዲጠቀም በሚፈቅደው የኤምአይቲ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ ማንም ተነሥቶ ክፍያ ሊጥልበት አይችልም። ጉድለቱ ኮንሶል ላይ ነው፦ የኮንሶል አምራቾች የጌም መሥሪያ መሣሪያ በምስጢር ውል የተያዘ በመሆኑ በክፍት ኮድ ውስጥ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ስዊች ወይም ፕሌይስቴሽን ለማዛወር ሌላ ድርጅት መቅጠር ያስፈልጋል። ይህ ወጪ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ካልተያዘ፣ በኋላ አሳታሚ ፍለጋ ያስወጣል። አንሪል በበኩሉ የጌሙ ገቢ አንድ ሚሊዮን ዶላር እስኪሞላ አያስከፍልም፤ ከዚያ በላይ ላለው 5 በመቶ ይጠይቃል። «ባላትሮ» በለቭ፣ «ስታርዲው ቫሊ» በኤክስኤንኤ በተባሉ ቀለል ያሉ መሣሪያዎች ላይ መሠራታቸው ሲታይ ለሁለት አውታረ መጠን (2ዲ) ጌም ግዙፍ ኤንጂን የግድ አይደለም። ኤንጂን በሥራው መሀል መቀየር ግን ራሱ ከባድ ነው፤ የሥዕልና የድምፅ ፋይሎች በአብዛኛው ይተርፋሉ፣ ኮዱና የትዕይንት አደረጃጀቱ በአዲስ ይጻፋል።

በሩ ላይ የቆመው

ስቲም ጌም ለማስገባት የሚጠይቀው 100 ዶላር ነው፤ ገቢው 1,000 ዶላር ሲደርስ ይመለሳል። በ2024 ብቻ ከ18,000 በላይ ጌም ገብቶበታል። በሩ ሰፊ ነው፣ ከበሩ በኋላ ያለው ክፍል ግን ጨለማ ነው። ስቲም የሚወስደው ድርሻ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ገቢ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 50 ሚሊዮን 25፣ ከዚያ በላይ 20 በመቶ ነው፤ ማለትም ብዙ የሸጠ ትንሽ ይከፍላል። ተፎካካሪው መደብር ኤፒክ 12 በመቶ ይወስዳል፤ ከጁን 2025 ወዲህ በየዓመቱ የመጀመሪያው አንድ ሚሊዮን ዶላር ላይ ምንም አይነካም። ኢች የተባለው የትንንሽ ጌሞች መደብር ደግሞ ድርሻውን ሻጩ ራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል። ታዲያ ለምን ሁሉም ስቲም ላይ ይሰለፋል? ገዢው እዚያ ስላለ። «አለን ዌክ 2» ወጪውን በሙሉ ኤፒክ ስለሸፈነለት ስቲም ላይ አልወጣም፤ መብቱ ከሬሜዲ አልወጣም፣ ሮያሊቲ (የሽያጭ ድርሻ) ማስገባት የጀመረው ግን ከወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያለዚያ ገንዘብ ጌሙ አይሠራም ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም በዚያ አምናለሁ። ዋጋው ግን ይህ ነበር።

አሳታሚ የሌለው ሠሪ በስቲም ላይ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የጌሙ ገጽ ከመውጫው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መታየት አለበት ይላል ደንቡ፤ በሁለት ሳምንት የሚሰበሰብ ዊሽሊስት (ጌሙን ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች ምዝገባ) ግን ከንቱ ነው፣ ስድስት ወር ቢያንስ ነው። ኔክስት ፌስት የሚባለው የዴሞ (የመሞከሪያ ቅጂ) ሳምንት በዓመት ሦስት ጊዜ አለ፤ አንድ ጌም የሚሳተፈው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዴሞው ሳይበስል፣ ወይም ጌሙ ሊወጣ ዓመት ሲቀረው መግባት ዕድሉን ማቃጠል ነው። ዊሽሊስት ላደረጉ ሰዎች ኢሜይል የሚሄደው ጌሙ ሲወጣና 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲቀንስ ነው፤ 15 በመቶ መቀነስ ዋጋውን ያወርዳል እንጂ ማንንም አይጠራም። የግምገማ ውጤት ገጹ ላይ የሚታየው 10 ግምገማ ሲሞላ ነው፤ በነጻ በታደለ ቁልፍ የመጣ ግምገማ ለውጤቱ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ለጓደኛ ቁልፍ ማደል እዚህ ላይ አይረዳም። ተጫዋች ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ይህ ደንብ ለገዢው ትክክል ነው፤ ግን አጭርና ሙሉ የሆነ የ90 ደቂቃ ጌም መሥራትን ያስፈራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ከልክ በላይ የሚብለጨለጩባቸው ጌሞች የበዙትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀን መምረጥም የአቅም ጉዳይ ነው። «ሲልክሶንግ» ቀኑን ሲያስታውቅ በዚያው ሳምንት ሊወጣ የነበረው «ዲሞንስኩል» ወደ ኖቬምበር ሸሸ፤ ሌሎችም ተከተሉ። «ጂቲኤ 6» ከሜይ 2026 ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ሲገፋ ደግሞ ለዚያ መኸር ቀን የያዙ ሁሉ እንደገና ቁጭ ብለው ማስላት ግድ ሆነባቸው። መሸሽ የሚችለው የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ በባንክ ያለው ነው። ገንዘቡ የሚያልቅበት ስቱዲዮ ማዕበሉ እየመጣም ቢሆን ይወጣል።

ከመደብሩ ጀርባ ሌላ በረኛ እንዳለ የታወቀው በጁላይ 2025 ነው። የስቲም ባለቤት ቫልቭ የክፍያ አቀናባሪዎችንና የካርድ ድርጅቶችን ደንብ የሚጥስ ይዘት ከስቲም እንደሚያወርድ በሕጉ ላይ ጨመረ፤ ኢችም በዚያው ወር ለአዋቂ የተባሉ ጌሞችን በጅምላ ከፍለጋ ሰወረ። ስለነዚያ ጌሞች ይዘት ማንም የፈለገውን ሊያስብ ይችላል። አሳሳቢው አካሄዱ ነው፦ ውሳኔው የተጻፈ ዝርዝር መስፈርት የለውም፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለውም፣ ሠሪው ከካርድ ድርጅቱ ጋር ምንም ውል ስለሌለው መክሰስም አይችልም። በዲሴምበር 2025 የወጣው የጣሊያኑ ሳንታ ራጆኔ «ሆርስስ» በስቲም አስቀድሞ ተከልክሎ ነበር፤ ኤፒክም ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሰረዘው፤ ጎግ በተባለው መደብርና በኢች ግን ተሸጠ። ጌሙን የወደደም የጠላም አንድ ነገር ያያል፤ የአንድ መደብር «አይሆንም» የአንድ ስቱዲዮን ዕድሜ ሊወስን ይችላል። የዕድሜ ደረጃ ሰጪዎችም እንዲሁ ናቸው፤ «ባላትሮ» ገንዘብ የማይወራረድበት ሆኖ ሳለ ፔጊ በተባለው የአውሮፓ የዕድሜ ደረጃ ሰጪ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ ለጊዜው ከአንዳንድ መደብር ወርዶ ነበር፤ ወደ 12 የወረደው በፌብሩዋሪ 2025፣ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

ተጫዋቹም አለቃ ነው

ኧርሊ አክሰስ፣ ማለትም ጌሙን ሳይጨርሱ መሸጥ መጀመር፣ አሳታሚን ለመተካት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው ይባላል። «ባልደርስ ጌት 3» ወደ ሦስት ዓመት ገደማ፣ «ሄዲስ 2» ከሜይ 2024 እስከ ሴፕቴምበር 2025 በዚሁ መንገድ ቆይተዋል። ገንዘቡ ቀድሞ ይገባል፣ ስህተቱም ቀድሞ ይታያል። ሁለቱ ስቱዲዮዎች ግን ገና ሲጀምሩ የራሳቸው ስምና ጥሪት ነበራቸው፤ ከዕቅዳቸው ጋር የማይሄድን አስተያየት ችላ የማለት አቅም ነበራቸው። ኪሱ ባዶ የሆነ ቡድን ይህ አቅም የለውም። ወርኃዊ ሽያጩ የሚወሰነው በሚቀጥለው ፓች (ማሻሻያ) ስለሆነ፣ ጮክ ብሎ የጠየቀው ተጫዋች የፈለገው መጀመሪያ ይሠራል፤ ታሪኩን መጨረስ፣ የመጨረሻውን ደረጃ መሥራት፣ ያረጀውን ኮድ ማደስ ይቆያል። በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ነገር ያለው፣ ግን ቅርጽ የሌለው ጌም ይወጣል። መከላከያው ቀላል ነው፣ ማንም ግን አይወደውም፦ ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት የመጨረሻውን ይዘት ዝርዝር መጻፍ፣ ከሽያጩ ገቢ ውጭ ቢያንስ ለግማሹ ጊዜ የሚሆን ገንዘብ መያዝ፣ ፓች የሚወጣበትን ርቀት ከሁለት ሳምንት ይልቅ ሁለት ወር ማድረግ።

ገዢው ይህን ሁሉ ሳይገዛ ማየት ይችላል። በመደብሩ ገጽ ላይ የሠሪና የአሳታሚ ስም ተለይቶ ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ ውሳኔውም ኪሳራውም የአንድ ወገን ነው። ከገጹ ግርጌ ያለው የባለመብት መስመር ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል፤ እዚያ ላይ የሠሪው ስም ካለ አሳታሚው ተከራይ ነው፣ የአሳታሚው ስም ካለ ሠሪው ቅጥረኛ ነው፣ የሦስተኛ ወገን ስም ካለ ስሙ የተዋሱት ነው። ጌሙ ሲከፈት የሚመጡት አርማዎችም ቅደም ተከተላቸው ብዙ ጊዜ በውሉ ላይ በሴኮንድ ሳይቀር የተወሰነ ነው።